መጽሐፉ ሲያልቅ ስሟን ንገሪኝ

ስራቦን 4፣ ቅዳሜ

ዛሬ ለፊልም ሂስ ትምህርቴ አሥራ አንድ ልጆች መጡ። አምና በዚህ ጊዜ ስድስት ነበሩ። የስራቦን ወር ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የፊልም ክበባችን ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ጣሪያ በሁለት ቦታ ስለሚያፈስ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠን ቀጠልን። የከተማችን የኩች ቢሃር ሰው ዝናብን ሰበብ የሚያደርገው መሄድ ወደማይፈልግበት ቦታ ሲጠራ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ተቀበልኩ። ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ቡባይ ስለ አንድ የፖሊስ ፊልም ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፏል፦ «ፊልሙ አሪፍ ነው። ከዕረፍት በኋላ ግን ይጎተታል።»

«ማን ነው የሚጎትተው?» አልኩት።

«እ?»

«ይጎተታል ብለሃላ። በገመድ ነው? በበሬ ነው?»

«ሰር፣ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው እኮ የሚለው።»

«ሁሉም ካለው አንተ ለምን ወረቀት ትጨርሳለህ?»

ሳቁ። እሱም ሳቀ። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ስልኩ ላይ ለፊልም በኮከብ ነጥብ ከሚሰጡ ሰዎች የለመደው ነው። ሰሌዳው ላይ ሦስቱን ጥያቄዎች ጻፍኩ። ምን አየህ? ምን ሰማህ? ካሜራው ማን አጠገብ ቆሟል? «ምን ተሰማህ» አራተኛ ነው። ሦስቱን ያልመለሰ ሰው አራተኛውን ለመመለስ መብት የለውም። ይህን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተናግሬአለሁ፤ ተሳስቼ አላውቅም።

አንዲት አዲስ ልጅ አለች፣ ቶርሻ ባርማን። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ እኛ ቤት ወጥ ትሠራለች፤ ባለቤቴ ኬያ ናት «ተቀበላት» እያለች ስትነዘንዘኝ የከረመችው። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምንም ሳትናገር ዋለች። ወረቀቷ ግን ገና ከመጀመሪያው መስመር አስቆጣኝ፦ «እሑድ ያየነው መጽሐፍ…»

መጽሐፍ! በዚህ አገር ያልተማረ ሰው ፊልምን መጽሐፍ ይለዋል። በአያቶቻችን ዘመን ፊልሙ ሁሉ ከልብ ወለድ ይሠራ ስለነበር ነው አሉ፤ ምክንያቱ ሞቶ ቃሉ ቀረ። የፊልም ክበባችን መሥራቾች ይህን ቃል ከከተማው ለማጥፋት ዕድሜያቸውን ጨረሱ። ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ «መጽሐፍ ይነበባል፤ ፊልም ይታያል» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ያልኩትን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ሌሎቹ ሳቁ። እንዲስቁ አልፈለግኩም ነበር፤ ቢሆንም ትምህርት ነው።

ስራቦን 5

ጠዋት የቶርሻ እናት ሻይ ስታቀርብልኝ፣ «ዳዳባቡ፣ ጌታዬ፣ ልጅቷ ታስቸግራለች?» አለችኝ።

«ዝም ብላ ትቀመጣለች።»

«እቤት ነው እንጂ የምትለፈልፈው። ማታ ማታ አላስተኛ ትለኛለች። ‹እማ፣ ካሜራው የት ቆሞ ነበር?› ትለኛለች። እኔ ምን አውቃለሁ? ‹ሰውየው ዘንድ ነዋ› እላታለሁ።»

ሳልወድ ሳቅኩ። መልሱ ከቡባይ ይሻላል።

ስራቦን 11፣ ቅዳሜ

ዛሬ ፊልም አላሳየኋቸውም፤ አሰማኋቸው። ከክበቡ መደርደሪያ አንድ አሮጌ ባለ ጥቁርና ነጭ ፊልም አውጥቼ፣ ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ አሥር ደቂቃ ድምፁን ብቻ ለቀቅኩላቸው። ቡባይ «ባቡር» አለ። ባቡር የለም፤ የጣሪያ ማራገቢያ ነው። ሌላው «አባትና ልጅ እየተጣሉ ነው» አለ፤ ልክ ነው። ቶርሻ እጇን ግማሽ ድረስ አነሳች።

«ሁለቱ ሲጣሉ ከጀርባ አንድ ሰው ዕቃ እያጠበ ነው» አለች። «ሲጮኹ ያቆማል። ሲረጋጉ ደግሞ ይቀጥላል።»

ይህን ፊልም አሥራ ሰባት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሁለት ጊዜም ስለ እሱ ንግግር አድርጌአለሁ። ዕቃ የሚያጥብ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።

«ትክክል» አልኳት፣ እንደሚያውቅ ሰው።

የሁለት ሳምንት ሥራ ሰጠኋቸው፦ እያንዳንዱ አንድ ፊልም መርጦ ሁለት ጊዜ ይይ፤ ይጻፍ። ከሁሉ የተሻለው በቤተ መጻሕፍቱ መጽሔት የፑጃ በዓል እትም የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይወጣል። ቶርሻ የመረጠችው «ሰባት በር ያለው ቤት» የሚባለውን ነው። ገበያው አጠገብ ያለው ሲኒማ ቤት ከወር በላይ ያሳየው ይኸው ነው፤ ሰባት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ውርስ ይጣላሉ፣ ሁሉም ያለቅሳል፣ ሁሉም ይዘፍናል። «ከዚህ ቆሻሻ ምን ታገኛለሽ?» ልል ነበር፤ ተውኩት። ትወድቅና ትማር ብዬ።

ስራቦን 25፣ ቅዳሜ

የቶርሻ ጽሑፍ። እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

«ይህ ቤት ሰባት በር አለው። ሰባቱ ወንድሞች በስድስቱ በሮች ይገባሉ፤ ሲገቡ ሙዚቃ ይሰማል። ሰባተኛው የኩሽናው በር ነው። በእሱ አንዲት ሴት ትገባለች። አሥራ አራት ጊዜ ትገባለች፤ ሁለተኛ ቀን ስናይ ቆጠርኩ። ሙዚቃ የላትም። ሁልጊዜ ሻይ ይዛለች። ካሜራው ፊቷ ጋ የሚደርሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ትልቁ ወንድም ሲሞት ስኒ ስለጣለች። እናቴ ጆሮዬ ላይ ‹አዝና አይደለም የጣለችው። ትሪውን አያያዟን እዪ፤ ይቺ ልጅ ትሪ ይዛ አታውቅም› አለችኝ። ሰው ሁሉ ሲወጣ እናቴ አልተነሳችም። ‹መጽሐፉ ሲያልቅ ስሟን ንገሪኝ› አለች። ስሞቹ ወደ ላይ ሲወጡ ቆሜ ፈለግኩ። ሰባቱም ወንድሞች ስም አላቸው። ውሻውም ስም አለው። እሷ ጋ ‹ሠራተኛ› ይላል። ነገርኳት። እናቴ ‹ይሁን፣ ሥራ የበዛበት ቤት ነው› አለች።»

እዚህ ላይ ያበቃል። መደምደሚያ የለውም። የፊልሙ አዘጋጅ ስም አልተጠቀሰም። «መጽሐፍ» አሁንም አለ፤ ያውም ከነገርኳት በኋላ። ደግሞስ እናት በሂስ ውስጥ ምን ትሠራለች? ሂስ የቤተሰብ ወሬ አይደለም።

አራት ጊዜ አነበብኩት።

ጥሬ ነው። ግን ሥጋ አለው። አስተካክለዋለሁ።

ስራቦን 29

ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ዛሬ ጨረስኩ። አሁን በሁለት እግሩ ቆሟል። ሠራተኛዋን «የማኅበራዊ ተዋረድ ዝምተኛ ምስክር» አልኳት። የበሩን ነገር ከምስሉ ጥልቀት ጋር አገናኘሁት። አሥራ አራቱን መግቢያዎች በሦስት መደብኳቸው። እናቲቱንና ጆሮ ላይ የተባለውን አወጣሁ። «መጽሐፉ» «ፊልሙ» ሆነ። የአንድ ገጽ ጽሑፍ አራት ገጽ ወጣው።

ኬያ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አነበበች። «ያምራል» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ልጅቷ የት ሄደች?»

«ስሟ ከላይ አለ።»

«እሱማ አለ።»

ይህች ሴት ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ ኖራ ማረም ማለት ምን እንደሆነ አልገባትም። እኔ በሃያ አራት ዓመቴ ለአንድ የኮልካታ ጋዜጣ የላክሁት ሂስ እንዴት ሆኖ ወጣ? አዘጋጁ ከላይ እስከ ታች አገላብጦ ነው ያወጣው። ከእኔ የቀረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። ተከፋሁ? አባቴ በመስተዋት አስገብቶ ሳሎን ሰቀለው፤ እስከ ዛሬም አለ። ወጣቱ እንዲህ ነው የሚማረው። ከዚያ በኋላ ወደ ኮልካታ አልላክሁም፤ ሥራ በዛብኝ።

ባድሮ 1

ሺቤን ጋ ሄድኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ጸሐፊ ነው፤ ማተሚያ ቤቱም የራሱ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ እንተዋወቃለን። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበና ጠረጴዛውን መታ።

«የመጀመሪያ ገጽ! አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው ያልከኝ?»

«አሥራ ስድስት።»

«ኒርማልዮ፣ ውሸታም። ከዚህ ወረቀት የአንተ የሲጋራ ሽታ ይመጣል።»

«ሲጋራ ከተውኩ ስምንት ዓመቴ ነው።»

«እሱን ነው የምልህ። የድሮው ሽታ ነው።»

ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ለምን ቆረቆረኝ?

ባድሮ 7፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ። ተናድጃለሁ። ነገ እጽፈዋለሁ።

ባድሮ 8

የሆነው ይህ ነው። ክፍሉ ሞልቶ ነበር። «የዘንድሮውን የመጀመሪያ ገጽ ስሙ» አልኩና የቶርሻን ጽሑፍ በድምፅ አነበብኩላቸው። በደንብ አነበብኩት። ሲያልቅ አጨበጨቡ። ቶርሻ አላጨበጨበችም። ጨዋነት መሰለኝ።

«ሰር፣ ማን ነው የጻፈው?» አለች።

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ ‹ተዋረድ› የሚለውን ቃል አላውቀውም።»

«አሁን አወቅሽው። ለዚህ ነው የመጣሽው።»

«እናቴስ?»

«እናትሽ ምን ሆነች?»

«እዛ ውስጥ ነበረች።»

ነገሩን በትዕግሥት አስረዳኋት። ሂስ የራሱ ሕግ እንዳለው፣ ጸሐፊው ጓዳውን ይዞ እንደማይገባ። አንድ ቃል ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ ደብተሯን ዘጋችና፣ «እንግዲያው ስሜን ከላዩ ያውጡልኝ፣ ሰር። የእርስዎን ያድርጉበት። ጥሩ ጽሑፍ ነው» አለች። ጃንጥላዋን አነሳች፤ ወጣች። አልጮኸችም። ብትጮህ ኖሮ መልስ ነበረኝ።

ቡባይ ከኋላ ሆኖ፣ «ሰር፣ እኔ ግን የመጀመሪያውን ሳታስረክብ በፊት አሳይታኝ ነበር» አለ።

«እና?»

«ያኛው አይጎተትም።»

ከክፍል አስወጣሁት። በኋላ አስመለስኩት፤ ግን ዘግይቼ ነው፣ ደረጃው ላይ ሻይ እየጠጣ ነበር።

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ! ለአንድ ገጿ ሦስት ቀን ሠራሁላት፤ ለእኔ ማን ሦስት ቀን ሠርቶልኛል?

ባድሮ 14፣ ቅዳሜ

አልመጣችም። ስለ ተዋንያን አስተማርኩ። ፊትን እንዴት ማንበብ እንደሚቻል። ጥሩ ትምህርት ነበር።

ባድሮ 17

የቶርሻ እናት እንደ ወትሮዋ በሰዓቷ ትመጣለች። ምስሩ ጨው በዝቶበታል፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለኬያ ነገርኳት። «ራስህ ንገራት» አለችኝ። ኬያ በዚህ ወር ሁሉን ነገር «ራስህ» ትለኛለች።

ባድሮ 21፣ ቅዳሜ

አልመጣችም። ዘጠኝ ልጆች። ድምፅ ብቻ የማሰማቱን ሥራ ደገምኩላቸው፤ ማንም ምንም አልሰማም። ማለቴ፣ እኔ ያልሰማሁትን ነገር የሰማ የለም።

ባድሮ 23

የሰማሁትን ልጻፍ። ጋዜጣ ይዤ በረንዳው ላይ ነበርኩ፤ የኩሽናው መስኮት ክፍት ነው። ኬያ ትጠይቃለች፣ የቶርሻ እናት ድንች እየላጠች ትመልሳለች።

«ትበላለች?»

«ትበላለች ቦውዲ፣ መብላቱንስ አልተወችም። ብቻ አትጽፍም። ደብተሩን ሩዝ ማስቀመጫው ላይ ወረወረችው።»

«ምን አለችሽ?»

«ምን ትላለች? ‹እማ፣ እኔና አንቺ እዛ ውስጥ ቆሽሸን ነበር መሰለኝ፤ ሰር አጠበልን› አለችኝ።» ሳቀች። «እኔ ደግሞ ‹ዳዳባቡ ሸሚዙን እንኳ ራሱ አያጥብም፣ ካጠበልሽማ ክብር ነው› አልኳት። አልሳቀችም።»

ኬያ መስኮቱ ክፍት እንደሆነ የምታውቅ ይመስለኛል።

አጠበልን። እኔ አላጠብኩም። አስተካከልኩ። ልዩነት አለው። ልዩነቱን ነገ በሥርዓት እጽፈዋለሁ።

ባድሮ 24

አልጻፍኩትም።

ባድሮ 30

ሺቤን ደወለ። ከፑጃው መግቢያ ከማሃላያ በፊት እትሙ መውጣት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ከተማው ሁሉ ለፑጃው ዳስ ቀርከሃ ሲተክልና ልብስ ሲገዛ ማን ያነባል? የአራት ገጹ ጽሑፍ ፊደል በፊደል ለማተሚያው ተለቅሟል። የቀረው የጸሐፊዎቹ ዝርዝር ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የወላጅ ስም። መግቢያውንም እኔ መጻፍ አለብኝ።

«ስሜ ከላዩ ይውጣ ብላለች» አልኩት።

«ማን?»

«ልጅቷ።»

«ታድያ የራስህን አድርግበታ! የአንተ አይደል?»

ስልኩን ዘጋሁበት። ከአርባ ዓመት ወዳጅነት በኋላ ስልክ ሲዘጋበት አይገርመውም።

አሽዊን 2

ዝርዝሩን ስሞላ ዋልኩ። የቡባይ አባት፣ ዲቤንዱ ሻሃ። የሌሎቹም እንዲሁ። ቶርሻ ጋ ስደርስ፣ ትመለስም አትመለስ ቦታዋ ባዶ አይሁን ብዬ፣ «ቶርሻ ባርማን፣ 16» ብዬ ጻፍኩ። ወላጅ። አባቷ ሩቅ አገር ኬረላ ለሕንፃ ሥራ ከሄደ ዓመታት ሆኖታል፤ ወላጅ ማለት እናቷ ናት። ብዕሬን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ኬያ! የቶርሻ እናት ስሟ ማን ነው?»

ከመኝታ ቤት በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

«ስንት ዓመት ሆናት እዚህ ቤት?» አለችኝ።

«ስምንት።»

«ዘጠኝ።»

«እሺ ዘጠኝ። ስሟን ነው የጠየቅኩሽ።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች ኬያ። «አንተ ግን ራስህ ጠይቃት።»

ዘጠኝ ዓመት። ሩዙን፣ ዓሣውን፣ በታመምኩበት ክረምት የጠጣሁትን ሾርባ። በዚህ ሰፈር የሰው ቤት የምትሠራ ሴት በልጇ ስም ትጠራለች፤ እኔ ያመጣሁት ልማድ አይደለም፤ እናቴም እንደዚሁ ነበር የምትጠራቸው። ይህን ለመከላከያዬ ጽፌ ሳነበው ለራሴ እንኳ አልበቃኝም።

ያን ፊልም የሠራው ሰውዬስ? እሱም ልማዱን ነው የጻፈው። ልጅቷ በአንድ ገጽ ያየችውን እኔ በአራት ገጽ ሸፈንኩት። «ዝምተኛ ምስክር» አልኳት። ዝም አላለችም እኮ! ጆሮ ላይ ስትናገር ነበር፤ አውጥቼ የጣልኳት እኔ ነኝ።

አሽዊን 3

ጠዋት ኩሽናው በር ላይ ቆምኩ። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ስታየኝ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ጨው ነው?» አለች።

«ጨው አይደለም። ስምሽን ልጠይቅሽ ነው።»

ፊቷ ተለወጠ። «ምን ጠፋ፣ ዳዳባቡ?»

«ምንም አልጠፋም። ለመጽሔቱ ነው። የወላጅ ስም ይጠየቃል።»

«ልጅቷ ስሜን አውጡልኝ ብላ የለ? የሷ ወጥቶ የኔ ገብቶ ምን ሊሠራ?»

«እሱን እኔ አያለሁ።»

እጇን በሳሪዋ ጫፍ ጠረገች፤ ጊዜ ወሰደችበት። «ሚኖቲ» አለች። «ሚኖቲ ባርማን። ከራሽን ካርድ ጸሐፊው በቀር የጠየቀኝ የለም። እሱም ልጅቷ እንደምትለው አጣሞ ነው የጻፈው፤ በእርስዎ እጅ ቢጻፍ ይሻላል።»

ጻፍኩት። ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም ወረቀቱን ወደ እሷ አዞርኩት። አየችው።

«ረጅም ነው» አለች።

አሽዊን 3፣ ከሰዓት በኋላ

ወደ ወንዙ ግድብ፣ እነቶርሻ ቤት፣ በብስክሌት ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ ተበላሸ። የሄድኩት ለሥራ ነው፤ እትም ዝም ብሎ አይቆምም።

ቶርሻ በሩ ላይ ከጎረቤት ትንሽ ልጅ ጋር ሒሳብ እየሠራች ነበር። ተነሣች። ይግቡ አላለችኝም።

«ጽሑፍሽን ልመልስልሽ መጣሁ።»

«የትኛውን?»

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። «የአንቺን» አልኩ። «ቃል በቃል ይወጣል። የፊደል ስህተት ብቻ አርማለሁ፤ አራት አለ።»

«‹መጽሐፍ› የሚለውስ?»

«ይቆያል።»

«ስህተት ነው ብለዋል እኮ።»

«እናትሽ የተናገረችው ነው። ሰው የተናገረውን ማረም አይቻልም።»

«እኔም እንደዛ ነው የምለው፣ ሰር። ከእናቴ ጋር ሳወራ።»

አንድ ላም በመካከላችን አለፈች። ላሟ ባትኖር ቶሎ እመልስ ነበር።

«እሱም ይቆያል» አልኩ።

«ስለ እኔ መግቢያው ላይ ምን ጽፈዋል?»

«ገና አልጨረስኩም።»

«ሲጨርሱ ላንብበው። ከታተመ በኋላ አይደለም፤ በፊት።»

አዘጋጅ ነኝ፤ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። «እሺ» አልኩ።

አሽዊን 5

ከሺቤን ጋር ተጣላሁ። እውነተኛ ጠብ።

«የለቀምኩትን አራት ገጽ ልበትነው?»

«በትነው።»

«በዚች አንዲት ገጽ? ኒርማልዮ፣ በፊልም ክበቡ ቤተ መጻሕፍት መጽሔት፣ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ‹መጽሐፉ ሲያልቅ› ብዬ ላትም? መሥራቾቹ ከአመዳቸው ይነሣሉ!»

«ይነሡ። ወንበር አለን።»

«ያኛው ነበር ያማረው። ሂስ ይመስል ነበር።»

«ሂስ ይመስል ነበር፤ እሱ ነው ችግሩ። ይሄኛው ሂስ ነው። አሥራ አራት ጊዜ የምትገባ ሴት፤ አንተ ፊልሙን አይተሃል፣ አይተሃታል?»

መነጽሩን አወረደ፤ አሰበ። «ሻይ የምታመጣው?»

«ስሟ ማን ነበር?»

ወረቀቱን ከእጄ ቀማኝ። «ሂድ ከዚህ» አለኝ። ተስማማ ማለት ነው። የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ የቆየውን ገጽ ሲበትን ቆሜ አየሁ። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግሩም ነበር፤ አሁንም እላለሁ።

አሽዊን 11፣ ቅዳሜ

ቶርሻ ወደ ክፍል መጣች። ቡባይ መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር በእጁ ጠርጎ ሰጣት፤ ከዚያ ያንኑ እጁን ሸሚዙ ላይ ጠረገ። አሥራ ሁለት ልጆች ነበሩ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ቀረች። መግቢያዬን ሰጠኋት። ሦስት ገጽ ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ ስለ ራሴ ስህተት በግልጽ ጽፌአለሁ፤ የአስተማሪነት ፈተና፣ የቋንቋ ኩራት፣ ትውልድ ከትውልድ የሚማረው ነገር፤ እንዲህ ዓይነቱን በቀላሉ የሚጽፍ ሰው በዚህ አውራጃ ብዙ አይገኝም።

ተቀምጣ እርሳስ ይዛ አነበበች። ባልዲዎቹን ባዶ አደረግኩ። መጽሐፍ መደርደሪያውን ሁለት ጊዜ አስተካከልኩ።

«ሰር» አለች። «እዚህ ጋ ይቅርታ እየጠየቁ ነው ወይስ እያስተማሩ?»

«ሁለቱንም።»

«ሁለቱን ባንድ ላይ ከባድ ነው። ይቅርታ ከሆነ አንድ መስመር ይበቃል።»

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም። ጮክ ብለው ያንብቡት።»

ጮክ ብዬ አነበብኩት። በሁለተኛው ገጽ መካከል የራሴ ድምፅ ሰለቸኝ፤ እንዳይታወቅብኝ ግን እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ታውቆብኛል መሰለኝ፤ ወረቀቱን ወስዳ መሰረዝ ጀመረች። ሳትቸኩል ሰረዘች። አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መልሳ አየችው፣ አዘነችለት፣ ሰረዘችው። ስትጨርስ አሥራ አንድ መስመር ቀርቶ ነበር።

ቆጠርኳቸው። ከዚያ እሷ ያለቦታው ያስገባችው አንድ ነጠላ ሰረዝ አገኘሁ፤ አሳየኋት፤ አመነች። በጣም ደስ አለኝ።

«አንድ የሰረዝሽውን ቃል ልመልስ?» አልኩ።

«የቱን?»

በጣቴ «ተዋረድ» የሚለውን አሳየኋት። ጎንበስ ብላ በመስኮቱ ብርሃን ለረጅም ጊዜ አየችው። በከንፈሯ ከፊትና ከኋላው ካሉት ቃላት ጋር ሞከረችው። ዓረፍተ ነገሩ ያለ እሱም ይቆማል፤ እኔም አውቃለሁ።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «እሱ ይቆይልዎት።»